የግድግዳው ብርድ

ባለፈው ሚያዝያ የቢቸናውን ቤት ለማሳደስ ዕቃ ስናወጣ፣ ስዕሉን ከግድግዳ ያወረድሁት እኔ ነኝ። ገልብጬ ሳየው በፍሬሙ እንጨትና በሸራው መካከል የደረቀ ጭቃ ተጣብቆ አገኘሁ። የጤፍ ጭድ የገባበት፣ በደንብ የተቦካ የምርጊት ጭቃ ነው። የጣት ምልክት አለበት። የራሴን ትንሿን ጣት አስጠጋሁበት፤ አልገባም አለች። ያንን ምልክት የተወው ልጅ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጭቃውን ሲለጥፍ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ቀዳዳ ካልተደፈነ እናቱ ትሞታለች።

ስዕሉ የቅባት ቀለም ነው። ነጭ የለበሰ ሜዳ፣ ቅርንጫፋቸው በሸክም የጎበጠ ዛፎች፣ መፍሰሱን የተወ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ አንዲት ጣሪያዋ ነጭ የሆነ ቤት፤ ከጣሪያዋ ላይ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሰው የለም። ከብት የለም። የሩቅ አገር ክረምት ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ማንንም የማይነካ ክረምት። ይህን የምለው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ክረምት ከቆርቆሮ ጋር ሲጣላ የሚያድር፣ መንገድ የሚቆርጥ፣ ጫማ የሚበላ ክረምት ነበር። ስለዚህ በጣም ትንሽ ሳለሁ ያ ነጭ ነገር ዱቄት ይመስለኝ ነበር። አባቴ፣ ጋሽ ቢሆነኝ፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ነው የሚገባው። ወፍጮው ከልክ በላይ የፈጨ ቀን አገር እንዲህ ይሆናል ብዬ አምን ነበር።

በረዶ መሆኑን የነገረችኝ እናቴ ናት። «እንደኛው በረዶ ደብድቦ የሚሄድ አይደለም» አለችኝ። «እዚያ በረዶው ይቀመጣል። ወር፣ ሁለት ወር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስዕሉን አላመንሁትም።

ቤታችን የገባው በዕጣ ነው። እናቴ ይርጋነሽ እኔ ሳልወለድ በአንድ የግብርና ፕሮጀክት ቢሮ ታይፒስት ነበረች። የፕሮጀክቱ ኃላፊ የነበረው ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የቤት ዕቃውን ለሠራተኞቹ ትቶ ሄደ፤ እነርሱም እንዳይጣሉ ዕጣ ተጣጣሉ። ለዘበኛው ፍራሽ ደረሰው። ለሹፌሩ ራዲዮ። ለእናቴ ስዕሉ። ነገሩ ከአባቴ ሆድ እስካሁን አልወጣም። «ሰው ፍራሽ ይዞ ገባ፤ የእኔ ሚስት ብርድ ተሸክማ ገባች» ይላል፤ ጎረቤት ይስቃል፤ እርሷም አብራ ትስቅ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሳል ጀመራት። መጀመሪያ ቆማ ትስል ነበር፤ ከዚያ ተቀምጣ፤ ሰኔ ሲገባ ተኝታ። ጎረቤታችን እትዬ ውበቴ መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን አየችውና ፈረደች።

«ብርድ ነው የመታት። ጉዱ ያለው እዚህ መስኮት ላይ ነው።»

መስኮቱ ተዘጋ። ስንጥቁ በአሮጌ ጨርቅ ተወተፈ። የበሩ ሥር በጆንያ ተደፈነ። የባሕር ዛፍ ቅጠል በድስት እየፈላ ሲገባ ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላና የእናቴ ፊት ይጠፋብኝ ነበር። ጨርቁን በቢላ ጫፍ ወደ ስንጥቁ የምጠቀጥቀው እኔ ነበርሁ። «ይህ ልጅ እኮ ግድግዳ መራጊ ሊወጣው ነው» ብላ እትዬ ውበቴ አናቴን ስታሻሸኝ ቁመቴ የጨመረ ይመስለኛል።

የዚህ ሁሉ ጠላት ሲስተር ሳባ ነበረች። ከሐረር ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ ጃንጥላዋ ቀይ ነው፤ ስትናገር ቃላቱን ትጎትታቸዋለች። የመጀመሪያ ቀን ገብታ አፍንጫዋን ያዘች።

«ሰው እንደ ጠላ ጋን ይታሸጋል እንዴ? ማነው ይህን ያደረገው?»

መስኮቱን በክርኗ መታ ከፈተችው። የእኔ ጨርቆች ሁሉ ወደ ግቢው ጭቃ ወደቁ።

«ልጄ፣ አንቺ የቆላ ሰው ነሽ» አለቻት እትዬ ውበቴ። «የእኛን ብርድ አታውቂውም።»

«ሐረር ቆላ አይደለም፣ እትዬ።»

«ከዚህ ሆነው ሲያዩት ቆላ ነው።»

«ይሁን። አየር ግን ያስፈልጋታል። መስኮቱ ሲነጋም ሲመሽም ክፍት ይሁን። ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን ላስውጣት ስመጣ አያለሁ።»

መጣችም። ግን እኛ ዘዴ ነበረን። እኔ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ መንገዱን እጠብቃለሁ፤ ቀዩ ጃንጥላ ከታች ከመታጠፊያው ብቅ ሲል እየሮጥሁ «መጣች!» እላለሁ፤ እትዬ ውበቴ ጨርቁን ነቅላ መስኮቱን ትከፍታለች። ሲስተር ሳባ መድኃኒቱን አስውጣ፣ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው» ብላን ስትሄድ መስኮቱ ይዘጋል። በቀን ሩብ ሰዓት ያህል እናቴ አየር ታገኝ ነበር ማለት ነው። በሽታው ሳምባ ነቀርሳ መሆኑን፣ ያ የታሸገ ክፍል ለእርሷም ለእኛም የከፋ መሆኑን ያወቅሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው። ያን ጊዜ ግን በአጥሩ ላይ እንደ እኔ የታመነ ዘብ በቢቸና አልነበረም።

ሳሉ አልቆመም። እኔንም ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ሁሉ ነገር ተደፍኗል፤ ታዲያ ብርዱ በየት ነው የሚገባው? በሩን አየሁ። ጣሪያውን አየሁ። ከአልጋዋ ግርጌ ትይዩ፣ እናቴ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ተክላ የምታይበት ግድግዳ ላይ፣ ያ ስዕል ተሰቅሏል። እንጨት አለው፤ አራት ማዕዘን ነው፤ ወደ ውጭ ያሳያል። መዝጊያ የሌለው መስኮት ነው! ያውም የተከፈተው በረዶ ሁለት ወር ወደሚቀመጥበት አገር።

ማጣራት ነበረብኝ። ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ በወንበር ወጥቼ መዳፌን ነጩ ሜዳ ላይ አሳረፍሁ። ቀዝቃዛ ነው። የቀለሙ ጉብታ እንደ ደረቀ ጭቃ መዳፌን ይኮሰኩሰዋል፤ ግን ቀዝቃዛ ነው። ወርጄ በማድ ቤቱ በኩል ያለውን ግድግዳ ነካሁ። ሞቅ ያለ ነው። ማስረጃው ይኸው።

የዚያኑ ቀን ከጓሮ አፈር ቆፍሬ፣ ከእትዬ ውበቴ ክምር ጭድ ሰርቄ፣ በእግሬ ረግጬ አቦካሁት። እናቴ ያንቀላፋች ሲመስለኝ ወንበር ላይ ወጥቼ ከፍሬሙ ዙሪያ፣ ከጀርባውም ጭምር፣ እጠቀጥቅ ጀመር።

«አንዱዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

ስሜ አንዷለም ነው፤ «አንዱዬ» የምትለኝ እርሷ ብቻ ናት። ዘወር አልሁ። ዓይኗ ተከፍቷል።

«እየደፈንሁት ነው።»

«ምኑን?»

«ብርዱ የሚገባው በዚህ ነው።»

እጄ ላይ ያለውን ጭቃ አየች። ከዚያ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች፤ ነጠላውንም ቶሎ አጠፈችው። ያጠፈችው ሳቋን ልትደብቀኝ መስሎኝ ነበር።

«በል እንግዲህ በደንብ ምረገው» አለችኝ ሲረጋጋላት። «ያቺን መስኮት ግን እንዳትነካብኝ።»

«የቷን መስኮት?»

«የቤቷን። እዚያ ማዶ ያለችዋን።»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። ቤቷ ላይ መስኮት የለም። ጥቁር ግድግዳና ነጭ ጣሪያ ብቻ ነው። ትኩሳቱ ነው የሚያናግራት አልሁ፤ እጄንም አፈጠንሁ።

አባቴ ሲመጣ ግድግዳውን አየ፤ እኔን አየ፤ ከነዱቄቱ በርጩማ ላይ ዘጭ አለ። አልተቆጣም። አለመቆጣቱ አስፈራኝ።

በማግስቱ እርሱና ሲስተር ሳባ ከማድ ቤቱ ጀርባ ቆመው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ስምንት ወር ነው፣ ጋሽ ቢሆነኝ። አንድ ቀን አይዘለልም።»

«እሱስ?»

«መድኃኒቱ ከያዛት ከጥቂት ሳምንት በኋላ እኮ...»

«እሱስ ነው የምልሽ!» አባቴ ጮኸ። አባቴ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «አባቴን፣ ሁለት ወንድሞቼን በዚህ ሳል የቀበርሁ ሰው ነኝ። ስለ ሳምንት አትንገሪኝ። ከዚህ ቤት ይውጣ። ሞጣ፣ እህቴ ዘንድ ይሂድ።»

በመጨረሻ አመኑኝ! ከቤት የሚወጣው ስዕሉ ነው። እናቴም አረጋገጠችልኝ፤ አባቴን ጠርታ «ስዕሉን ይዞ ይሂድ» ስትለው ሰማሁ። ይዞ የሚሄደው እኔ ነኝ፤ ነገሩን ያወቅሁት እኔ ነኛ።

የሄድን ቀን ልሰናበታት ስገባ እጇን አንስታ ከበሩ ላይ አስቆመችኝ።

«እዚያው፣ አንዱዬ። ወደ አልጋው አትምጣ።»

ገባኝ። ስዕሉን አቅፌ ይዤዋለሁ፤ ብርዱ እንዳይደርስባት ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስሁላት። ያቺን አንድ እርምጃ ዛሬም እግሬ ያስታውሳታል።

ሐምሌ ነበር። ስዕሉ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። የአውቶቡሱ ረዳት ከላይ ልጫነው አለ፤ አባቴ «ዝናብ ነው» ብሎ እምቢ አለ፤ በጉልበታችን መካከል አቆምነው። መስኮት ሁሉ ተዘግቷል። ቅቤው፣ እርጥብ ጋቢው፣ የሰው ትንፋሹ አንድ ላይ ተቦክቷል። ኋላ የነበረች ሴት ልጇ ሊያስመልሰው ሲል ጣት የምታህል ብትከፍት መኪናው ባንድ አፍ ጮኸ፦ «መስኮት! ኧረ መስኮት!» ደብረ ወርቅን አልፈን ጉድጓዱ ሲያነጥረን ማዳበሪያው ተቀደደ፤ ነጩ ሜዳ ብቅ አለ። ከአጠገባችን የተቀመጡ ጥምጥም ያሰሩ ቄስ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይህ የት አገር ነው፣ ልጄ?»

«የፈረንጅ ነው፣ አባቴ» አለ አባቴ።

«ሰው የለበትም?»

«ብርዱ ጨርሷቸው ይሆናላ!» አለች ከኋላ አንዲት ቅቤ ነጋዴ። «ኧረ ሸፍኑት እናንተ! መስኮት ዘግተን በዚህ ሊገባብን ነው!»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። እኔ አልሳቅሁም። ሹራቤን አውልቄ ቀዳዳው ላይ ወተፍሁት፤ በሁለት እጄም ጫንሁት። በቀጭን ሸሚዝ ስንቀጠቀጥ ቄሱ አይተው ሳቃቸውን ተዉ። ጋቢያቸውን ከፍተው ጫፉን ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ግንደወይን እስክንደርስም አልመለሰውም። መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል፤ ወደ ውጭ የሚታይ ምንም ነገር አልነበረም።

አክስቴ አስናቀች ሞጣ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። የአባቴ ታላቅ ናት፤ «እቴቴ» ነው የምንላት። ምላሷ እንደ መቀሷ ነው፤ ግን ገና በሩ ላይ እጄን ይዛ አልለቅ አለችኝ።

«ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀዘቀዘው?»

«ከስዕሉ ነው» አልኋት።

አባቴን አየችው። እርሱ መሬት መሬት አየ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት፤ የሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ነው። ሦስተኛ ወጥቼ ስለነበር ሊያኮራብኝ ያመጣው መሰለኝ። ጠዋት ሊሄድ ሲል «እስከ መቼ ነው የምጠብቀው?» አልሁት፤ ስዕሉን ማለቴ ነው።

«እስኪሻላት» አለኝ።

እቴቴ ስዕሉን ከመኝታዬ በላይ ሰቀለችው። ወደድሁም ፈራሁም። እዚህ ካለ እዚያ የለም፤ ሒሳቡ ይህ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ተነሥቼ በመዳፌ እለካዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ለብ ያለ ቀን ግን ብርዱ ወደ ቢቸና የተመለሰ እየመሰለኝ ቁርሴን አልጨርስም። ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተራ እሄዳለሁ። ከሚወርዱት መካከል የቢቸና ሰው አለ እንደሆነ እጠይቃለሁ። «የወፍጮ ቤቱን የቢሆነኝን ሚስት ታውቋታላችሁ? ተሽሏታል?» አንዱ «የትኛው ቢሆነኝ?» ይላል፤ ሌላው አዎ ብሎ ራሱን ነቅንቆ ሻንጣውን ይፈልጋል።

ነሐሴ ላይ ሳል ያዘኝ። ደስ አለኝ። ብርዱ እኔ ጋ መሆኑን በገዛ ደረቴ አወቅሁ። እቴቴ ሳሌን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን አቁማ አመድ መሰለች፤ ያንኑ ሰዓት እጄን ይዛ በዚያ ጭቃ እየጎተተች ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ። ለሳል ምርመራ ነው ብለው ክንዴን ወጉኝ፤ በሦስተኛው ቀን ቦታውን በማስመሪያ ለኩ፤ ሐኪሙ «ጉንፋን ነው፣ ጉንፋን ብቻ ነው» አላት። እቴቴ የጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። «ብስኩት ልግዛልህ?» አለችኝ በመጨረሻ። ለጉንፋን ብስኩት የሚገዛ ሰው ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

መስከረም ሲጠባ ሰማያዊ ጨርቅ ትከሻዬ ላይ ለካች።

«ለማን ነው፣ እቴቴ?»

«ለሚለብሰው ነው።»

ሦስተኛ ክፍልን ሞጣ ጀመርሁ። ብርዱ ግትር ሆኖ ቆይቶብን እንጂ የተውኝስ አልመሰለኝም።

አባቴ የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። ከስቷል። ገላው ላይ አንዲት ቅንጣት ዱቄት ስላልነበረች መጀመሪያ አላወቅሁትም። እቴቴ ወደ መንደሩ ላከችኝ፤ እኔ ግን አልሄድሁም፤ ከመስፊያ ክፍሉ መጋረጃ ጀርባ ከጨርቁ ክምር ውስጥ ገባሁ።

«መድኃኒቱን አልውጥም ብላለች» አለ አባቴ። «አምስት ወር ውጣ፣ አሁን በቃኝ አለች። ሳባ ብትለምናት፣ የንስሐ አባቷ ቢለምኗት እምቢ። ግድግዳው ባዶ ሆነብኝ ነው የምትለው። ጎረቤትም የበሽታውን ስም ከሰማ ወዲህ ቀርቷል። ውበቴ እንኳ በአጥር ላይ ነው ሰላም የምትላት። ስዕሉን መልሱልኝ አለች፤ ልወስድላት ነው የመጣሁት።»

«ልጁንስ?»

«ልጁን አታነሳም።»

«አንተ ከልክለሃታላ!»

መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ስትጥል ሰማሁ።

«ነርሷ ምን አለችህ?»

«ከነሐሴ ጀምሮ አይጋባም፣ ይምጣ ትላለች።»

«ታዲያስ?»

«እፈራለሁ፣ አስናቀች። እፈራለሁ።»

ዛሬ አባቴን አልወቅሰውም። ሦስት ሬሳ ከአንድ ቤት ያወጣ ሰው የነርስ ቃል ብቻውን አያጽናናውም። ያን ዕለት ግን የሰማሁት ሁለት ነገር ነው፦ ሊወስዱ የመጡት ስዕሉን እንጂ እኔን አይደለም፤ ስዕሉ ከተመለሰ ደግሞ ትሞታለች።

ከጨርቁ ወጣሁ። እነርሱ ገና ሲከራከሩ ስዕሉን አውርጄ ወደ ጓሮ ጎተትሁት። እቴቴ ነጠላ የምታጥብበት የተወቀጠ እንዶድ በሳፋ ተዘፍዝፏል። ነጩን ማጠብ አለብኝ። በረዶው ካለቀ ብርዱ ያልቃል። ስዕሉን መሬት ላይ አጋድሜ አረፋውን አፈሰስሁበት፤ በጨርቅ ፈተግሁት። ውኃው ጥቁር ሆኖ ወረደ። እየሟሟ ነው! ይበልጥ ፈተግሁ። በላዩ ንጹሕ ውኃ ስደፋበት ግን ሜዳው አለ፤ ያውም ከቀድሞው ይልቅ ነጭ ሆኗል። አመዳም የነበረው ሰማይ ሰማያዊ ወጥቶታል። የወረደው የኩራዝ ጥቀርሻ ነው፤ የድስቱ እንፋሎት ነው፤ የአሥር ዓመት ጭሳችን ነው። የቅባት ቀለም በውኃ እንደማይለቅ ማን ነግሮኝ?

እልህ ያዘኝ። ከጥጉ በኩል በጥፍሬ ስጭር ከሰማዩ ላይ ቀለም ተነሣ፤ ቁስሉ እስካሁን አለ። ከዚያ ወደ ቤቷ ዞርሁ። ጥቁሩን ግድግዳ በጨርቁ ጫፍ ሁለቴ፣ ሦስቴ አሸሁት። ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። የበቆሎ ፍሬ ታክላለች። አራት ማዕዘን ናት።

መስኮት።

ውስጧ መብራት አለ። ጣቴን አሳረፍሁባት፤ የምትሞቅ መሰለኝ።

«ምን አደረግኸው?» አባቴ ከኋላዬ ቆሟል።

«መስኮት አለ» አልሁት። «እማዬ ነግራኝ ነበር። ትኩሳት መስሎኝ... አባዬ፣ መስኮት አለ።»

ቁጢጥ አለ። አሥር ዓመት ከዚያ ስዕል ጋር የኖረ ሰው ነው። ፊቱን አስጠግቶ አየ።

«መብራት ነው?»

«መብራት ነው።»

እጁን ወደ ፍሬሙ ሰደደ። እኔም ድፍረቱ ከየት እንደ መጣልኝ እንጃ፣ ፍሬሙን በሁለት እጄ ያዝሁት።

«ብቻውን ከወሰድኸው እሰብረዋለሁ።»

«ምን አልህ?»

«ያለ እኔ አይሄድም። ብርዱን የሚደፍነው ማነው? አንተ መምረግ አታውቅም!»

ይህን ስናገር እያለቀስሁ ነበር። እቴቴ ከጓሮው በር ላይ ሆና «ሰማህ አይደል፣ ቢሆነኝ?» አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ መቀሱ አልነበረም። «ልጁ እናቱን ከብርድ ሊጠብቅ ነው እዚህ የከረመው። አንተ ልጅህን ከሳል ስትጠብቅ። ሁለታችሁም ጠብቃችኋል፤ አሁን ይብቃችሁ።»

አባቴ በእጁ መዳፍ ፊቱን ጠረገ። ዱቄት የለበትም፤ ግን ልማዱ ነው።

«ዕቃውን ሰብስቢለት» አላት።

ቢቸና ስንደርስ እናቴ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። እጆቿ ብቻ የድሮዎቹ ናቸው። ስታየኝ ግማሽ ተነሣች፤ ከዚያ እጇን ከፍ አደረገች፤ ልታስቆመኝ መሰለኝና ቆምሁ። እርሷ ግን አባቴን ነው የምታየው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ነጠላዋን ከፈተችው፤ እንዴት እንደ ደረስሁ አላስታውስም፤ አጥንቷን አስታውሳለሁ፤ የሳሙናዋን ሽታ አስታውሳለሁ።

ስዕሉ ከማዳበሪያው ወጥቶ ጉልበቷ ላይ ሲቀመጥ ለረጅም ጊዜ አየችው። የተጫረውን ሰማይ በጣቷ ነካች። ከዚያ ቤቷ ላይ ደረሰች።

«ማን አበራላቸው?»

«እኔ» አልሁ።

ታሪኩን የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ፈረንጁ ስዕሉን የሣለው እዚሁ ቢቸና ነው፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ እርሷ የቀረውን ስትተይብ እርሱ ከመስኮቱ ሥር ሆኖ ይቀባ ነበር። አንድ ቀን «ሰው የለበትም እንዴ?» አለችው። እርሱም ስቆ ብሩሹን ቢጫ ውስጥ ነከረና አንዲት ነጥብ አሳረፈ። «ሁሉም ውስጥ ናቸው» አላት።

«አንተ ሳትወለድ ነው ጭሱ ያጠፋባቸው» አለችኝ። «እኔ ግን መኖሯን አውቃለሁ። ሰው ሁሉ የቀረብኝ ጊዜ ተኝቼ እዚያች ቤት እገባ ነበር። እሳት ዳር ቦታ ይለቁልኛል። ሳሌን ማንም አይሸሽም።» የፍሬሙን ጠርዝ በመዳፏ አበሰች። «ላንተ የላክሁት እኔ ብሞት ከቤት ዕቃ ጋር እንዳይሸጡት ብዬ ነው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሚስማሩን ብቻ ሳይ...»

ሲስተር ሳባ ከአጥሩ ደጅ ቀይ ጃንጥላዋን አጥፋ ስትገባ፣ እናቴ ሳትለመን እጇን ዘረጋች። ኪኒኖቹን በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጠቻቸው። ሲስተር ሳባ አንዴ ስዕሉን አንዴ እኔን አየች፤ «ማነው ይህ ጎበዝ?» አለች፤ የአጥሩን ዘብ የረሳችው መሰለኝ።

አባቴ ስዕሉን በቦታው ሰቀለው። እኔም የማደርገውን አውቃለሁ። ከጓሮ ጭቃ አቡክቼ በጣሳ ይዤ ገባሁ፤ ወንበሩን አስጠጋሁ፤ ወጣሁ። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች። ከአጠገቧ እውነተኛው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የታኅሣሥ ነፋስ መጋረጃውን ወደ ውስጥ ይነፋዋል፤ የሚዘጋው ሰው ግን አልነበረም።

የመጀመሪያውን ጭቃ በጣቴ ዛቅሁ።

«ተው፣ አንዱዬ» አለችኝ። «አትምረገው። ውስጥ ያሉት ይታፈናሉ።»